የክላንስቶ ግራኞች

ክሊፎርድ ቤዶስ ሥዕል ማየት የሚጀምረው ከጀርባው ነው። መጀመሪያ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው ስለሆነ ይህ አይገርምም። ከዚያ ወረቀቱን በጣቶቹ ጫፍ ያነሣና በደረቱ አስተኝቶ ጀርባውን ይመረምራል። የድሮ ባለቤት ማኅተም አርፎበት እንደሆነ፣ ሙጫ ነክቶት እንደሆነ፣ አይጥ ቀምሶት እንደሆነ ያያል። ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ይወስደውና ብርሃን ላይ ዘርግቶ ወረቀት ሠሪው ትቶት የሄደውን ስውር ምልክት ይፈልጋል። በመጨረሻ ከሥራ ዘመኑ የተረፈችውን አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ ያስርና አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው መስመር በመስመር ይወርዳል። ሥዕሉ የምን ሥዕል እንደሆነ ማየት ለኋላ የሚቆይ ጉዳይ ነው፤ እሱም በመሀል ሻይ ካልቀረበ።

«አንተ ሰው ግን የምትሰበስበው ሥዕል ነው ወይስ ወረቀት?» ትለዋለች ሚስቱ ሙሪየል።

«ይሄ እኮ ተራ ሥዕል አይደለም። የመዳብ ሥዕል ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የመዳብ ሥዕል የሚሠራ ሰው የመዳብ ሰሌዳውን ሰም ይቀባል፣ ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይሥላል፣ ከዚያ ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ይዘፍቀዋል። አሲዱ የተጫረውን በልቶ ቀጫጭን ቦይ ያወጣለታል። ቦዩ ውስጥ ቀለም ይሞላና እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጭመቂያ ሲጨፈለቅ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። የዛሬ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት እንግሊዞች በዚህ መንገድ ያልሣሉት ነገር የለም፤ ድልድዩን፣ በሬውን፣ ሰካራሙን፣ ንጉሡን፣ ሁሉንም ጭረውታል። ይህን የሚሰበስቡ ሰዎች ደግሞ ለብቻቸው የተፈጠሩ ዘሮች ናቸው። ሦስቱን አንድ ክፍል ብታስገቧቸው ከጧት እስከ ማታ የሚያወሩት ስለ ወረቀት ጠርዝ ነው። ጠርዙን በመቀስ የከረከመ ሰው ስሙ ከተነሣ ነፍሰ ገዳይ የተጠራ ያህል ይሰቀጥጣቸዋል።

ክሊፎርድ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ጆሳያ ፐርዱን ነበር። ፐርዱ ከእንግሊዟ ሽሮፕሺር አውራጃ ውጭ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ሽሮፕሺር ውስጥም ከክሊፎርድ በቀር ማንም የማያነሣው ሠዓሊ ነው። ክሊፎርድ ከሥራዎቹ ሠላሳ አንዱን ሰብስቧል። የሁሉም ዘውድ ግን «የክላንስቶ ገበያ፣ ፲፯፻፷፰» የተባለው ነው። በዓለም ላይ ከዚህች አንዲት ቅጂ ሌላ አልተገኘም። እሷንም ያገኛት አንድ ገበሬ ሞቶ የቤት ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ከኮመዲኖ መሳቢያ ሥር ተነጥፋ፣ ካልሲ ተከምሮባት ነው። ክሊፎርድ ኮመዲኖውን እንዳለ ገዛ፣ መሳቢያውን መዘዘ፣ ሌላውን እዚያው መንገድ ዳር ትቶ መሳቢያውን ጭኑ ላይ ታቅፎ በአውቶቡስ ቤቱ ገባ። ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አለፈው።

ክላንስቶ እሱ ራሱ ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት። ስለ ሥዕሉም አርባ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ጽፏል፤ ርእሱ «ጆሳያ ፐርዱ፦ የማይዋሽ ዐይን» ነው። መጽሐፉ አንድ ችግር ነበረበት፤ ሥዕሉና ከተማው አይገጥሙም። በሥዕሉ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚነሣው መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በከተማው ግን ወደ ቀኝ ነው። ክሊፎርድ ለዚህ አራት ገጽ መድቦ፣ መንገዱ ከተማውን ከነመዝገቡ ከበላው ትልቅ ቃጠሎ በኋላ ቦታ እንደቀየረ አስረዳ። በሥዕሉ ላይ ወንዙ በግራ ይታያል። ለሱም ሁለት ገጽ ሰጥቶ ወንዙን ባለወፍጮዎች ጠልፈውት ነው አለ። ኮረብታውም በግራ ነው። ኮረብታን ማን ይጠልፋል? እሱን በአንዲት አረፍተ ነገር «ሠዓሊው ለውበት ሲል ያደረገው ነው» ብሎ አለፈው። ሥዕሉ ሊሳሳት እንደሚችል አንድም ቀን አላሰበም፤ የተሳሳተው ከተማው ነው።

ይህ ሁሉ ማንንም አይጎዳም ነበር፣ የድንጋዩ መስቀል ባይገኝ። በጥንት ጊዜ ገበያው ላይ ቆሞ የነበረው መስቀል፣ ከነሰፊ ደረጃው፣ ከመቃብሩ ግቢ አጥር ሥር ተቀብሮ ተገኘ። የከተማው ምክር ቤትም አደባባዩ ላይ በቀድሞ ቦታው እንዲተከል ወሰነ። ቀድሞ የት ነበር ሲባል ሁሉም ወደ ክሊፎርድ ዞረ። ክሊፎርድ ሥዕሉን አወጣ። ከአደባባዩ ግርጌ ቆሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለሚያይ ሰው፣ መስቀሉ በግራ በኩል ነበር። በግራ በኩል ያለው ደግሞ የባሪ ጊቲንስ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ነው።

እውነት ለመናገር ክሊፎርድ በዚህ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የሱ ቤት ከባሪ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በአደባባዩ ቀኝ በኩል ነው። የጥብሱ ሽታ ወረቀት ያበላሻል ብሎ ለምክር ቤቱ ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጽፎ ሦስቴም ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል።

ማክሰኞ ዕለት ድንጋይ ጠራቢው መጥቶ ከጥብስ ቤቱ በር ፊት ሰኞ የሚቆፍርበትን በነጭ ጠመኔ ትልቅ ክብ ሠራበት። ክሊፎርድ የሥዕሉን ፎቶ ኮፒ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ባሪ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ።

«ሚስተር ቤዶስ፣ እስቲ ይንገሩኝ። እነዚህ ሁለት ጠረጴዛዎቼ የት ይሂዱ? ጣሪያ ላይ ልስቀላቸው?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሚስተር ጊቲንስ? መስቀሉ የነበረው እዚህ ነው።»

«ማን አለ?»

«ፐርዱ።»

«ሰውዬው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት የለም እንዴ? እስካሁን ሰው ሥራ ውስጥ ይገባል?»

ጠራቢው ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ባሪ ፎቶ ኮፒውን ከክሊፎርድ እጅ ወሰደና አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ከሰዎቹ ራስ በላይ ያለውን አየ።

«እዚህ ላይ ኮረብታው በግራ ነው። ዞር ይበሉና ይዩት እስቲ። የት ነው ያለው?»

ክሊፎርድ አልዞረም። «ሠዓሊ ለውበት ሲል አንዳንድ ነገር ያዘዋውራል።»

«ኮረብታ የሚያህል ነገር ሲያዘዋውር ዝም ተብሎ፣ የኔ በር ጋ ሲደርስ ነው ቃሉ የሚታመነው?»

«ሥነ ጥበብ ነው፣ ሚስተር ጊቲንስ።»

«በሉ እሺ። ሥነ ጥበቡ ሰኞ በሬን ሲደፍነው መጥተው ያጽናኑኝ።»

ክሊፎርድ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀና ብሎ ሄደ። ነገሩ ትንሽ ቆርቁሮት ነበር፤ ግን ጥብስ ሻጭ ስለ ፐርዱ ምን ያውቃል ብሎ ራሱን አጽናና።

ዓርብ ጧት ሥዕሉ ክፈፍና መስታወት ገብቶለት ከቁርስ ጠረጴዛው አጠገብ ተደግፎ ነበር። በማግስቱ በምክር ቤቱ የአዳራሽ ስብሰባ ላይ ለሕዝብ ይታያል፤ መጽሐፉም በዚያው ይመረቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ ስለኖረ ሙሪየል ተረጋግታ ስታየው ገና የመጀመሪያዋ ነው። በግራ እጇ ቢላዋ ይዛ ዳቦዋን ቅቤ ትቀባለች።

«ደስ የሚል ከተማ ነው» አለች።

«የቱ?»

«ይሄ ሥዕልህ ላይ ያለው። እዚያ ተወልጄ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁሉም እንደኔ ግራኝ ነው።»

ክሊፎርድ ጋዜጣውን አላስቀመጠም። «አንድ ሁለት ግራኝ መቼም አይጠፋም።»

«አንድ ሁለት? ና እስቲ እይ። ቀጥቃጩ መዶሻ የያዘው በግራው ነው። ማሲንቆ መሳዩን የሚመታው ሰውዬ በግራው ነው። ሥጋ ሻጩም በግራው ነው የሚቆርጠው። ወታደሩ ደግሞ ጎራዴውን የታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው፤ በየት እጁ ሊመዘው ነው?» ሙሪየል ልጅ ሳለች በግራዋ ስለጻፈች አስተማሪዋ ጣቷን በማስመሪያ ይመታት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዐይኗ አያመልጥም። «እነዚህን ሁለት ገበሬዎችስ አየሃቸው? ላሟን ተስማምተው እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ። በግራቸው!»

ጋዜጣው ወረደ። ክሊፎርድ ተነሥቶ መጣ። መነጽሩን አላሰረም፤ አላስፈለገውም። ገበሬዎቹ ከመሀል ቁመው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ግራ እጃቸውን ተጨባብጠዋል። ከኋላቸው አንዲት ልጅ በግራ እጇ ዳክዬ ታባርራለች።

ሰሌዳ ላይ በቀኝ የተሣለ ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም በግራ እንደሚወጣ የማያውቅ ሰብሳቢ የለም። ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። ጠንቃቃ ሠዓሊ አስቀድሞ ሁሉን ገልብጦ ይሥልና ሲታተም ይቃናለታል፤ የቸኮለ ወይም ግድ የሌለው እንዳየው ይሥለዋል፣ ተገልብጦም ይወጣል። ክሊፎርድ በመጽሐፉ ገጽ ዘጠኝ ላይ ፐርዱ የጠንቃቆች ቁንጮ እንደሆነ ጽፏል። ማስረጃው ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ጽሑፍ በትክክል መነበቡ ነበር። ጽሑፉን የሚቀርጸው ግን ሠዓሊው ሳይሆን ፊደል ቀራጭ የሚባል ሌላ ሰው እንደሆነም ያውቅ ነበር። ሁሉን ያውቅ ነበር። ያላደረገው አንድ ነገር ማየት ነው።

«ምናልባት በዚያ ዘመን...» ብሎ ጀመረ።

«ሁሉም?» አለች ሙሪየል።

ክሊፎርድ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። መንገዱ አልተነሣም። ወንዙን ማንም አልጠለፈውም። ኮረብታው... ስለ ኮረብታው ማሰብ አልፈለገም።

«ተገልብጧል» አለ ቀስ ብሎ። «ሥዕሉ በሙሉ ተገልብጧል።»

«እንዴ! ታዲያ መስቀሉ የነበረው...»

«አትጨርሺው።»

«እኛ በር ላይ ነው!» ሙሪየል እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዳቦዋ ከሣህኗ ወደቀ፤ እንደ ልማዱም በቅቤው በኩል።

ክሊፎርድ አልሳቀም። የመስቀሉ ደረጃ አምስት ሜትር ስፋት አለው። በራቸው ላይ ከተተከለ ጎብኚ በሙሉ መስኮታቸው ሥር ተቀምጦ ፎቶ ሲነሣ ሊውል ነው፤ ሥዕል የሚያይበት ብርሃንም ያበቃለታል። መጽሐፉ ደግሞ ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተከምሯል። ከአርባ ስምንቱ ገጽ እውነት ሆኖ የሚተርፈው ምስጋናው ብቻ ነው።

«ሙሪየል፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ አፌን አልከፍትም። ሥዕሉ ያንተ፣ መጽሐፉ ያንተ፣ አፉም ያንተ ነው።» ዳቦዋን ከመሬት አነሣች። «ነገ አዳራሽ ውስጥ ሲያጨበጭቡልህ ግን እጄን ኪሴ ውስጥ ነው የማደርገው። ሁለቱንም።»

ከቁርስ በኋላ ቤቱ አላስቀምጥ ቢለው ወደ አደባባዩ ወጣ። ግርጌው ላይ ቆሞ ቀና አለ። ኮረብታው ከተፈጠረ ጀምሮ በነበረበት ቦታ፣ በቀኝ በኩል፣ ጥቂት በጎች ተሸክሞ ቁጭ ብሏል። ክሊፎርድ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ኖሮ፣ ስለሱ ውሸት ጽፎ አሳተመበት። አፈረ፤ ኮረብታውን ነው ያፈረው።

ዝናብ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። ባሪ ከበሩ ላይ ሆኖ አየው።

«ሚስተር ቤዶስ! ከሚበሰብሱ ይግቡ እንጂ። ሽታው አይገድልም።»

ክሊፎርድ እምቢ የሚልበት ጉልበት አጣ። ጥብስ ቤቱ ከውስጥ ጠባብ ነው፤ መጥበሻው፣ ባንኮኒው፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው፣ በቃ። ግድግዳው ላይ አንድ በክፈፍ የተሰቀለ ወረቀት አለ። ጠጋ ብሎ ሲያየው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው አቤቱታ።

«ምክር ቤቱ ነው የሰጠኝ» አለ ባሪ። «'የሚዘገንን የስብ ጢስ' የምትለዋን ደንበኞቼ በጣም ይወዷታል። እኔም እንግዲህ ሰብሳቢ ሆኛለሁ።»

«ጀርባውን ሙጫ አላስነካኸውም አይደል?» ክሊፎርድ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«ኧረ እኔ አልነካሁም። ልጄ ናት የሰቀለችው።» ባሪ ዓሣና ድንች በወረቀት ጠቅልሎ ዘረጋለት። «ይያዙ፤ መርዝ አላደረግሁበትም።»

ክሊፎርድ በላ። ጣፈጠው፤ መጣፈጡም አናደደው። ዝናቡ እስኪያባራ ባሪ ባንኮኒውን እየወለወለ ያወራል። ውስጡ እንደሚያዩት ነው፣ ሰው የሚቀመጠው ውጭ ነው፣ የበጋው ገበያ ነው ዓመቱን የሚያሻግረኝ አለ። መስቀሉ በሩ ላይ ከተተከለ እስከ መስከረም እንደማይዘልቅ፣ የሚስቱ ወንድም ቴልፎርድ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ሊያስገባው እንደሚችል ነገረው። ይህን ሲል አላማረረም፤ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው። ክሊፎርድ ከማማረሩ ይልቅ ይህ ሆዱን በላው።

«መቼም ታሪክ ነው» አለ ባሪ። «እርስዎ ካሉ ልክ ነው የሚሆነው። ያን ሁሉ ዓመት አጥንተውት።»

ክሊፎርድ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብዙ ነገር ሞከረ። ማንም አያውቅም ብሎ አሰበ፤ እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። ቃጠሎው ሁሉን ስለበላው የሚያጋልጠው ሰነድ የለም ብሎ አሰበ፤ ይህም እውነት ነው። ጥብስ ቤት ሌላ ቦታም ይከፈታል፣ መስቀል ግን አንዴ ነው የሚተከለው ብሎም አሰበ። ይህን ሲያስብ ራሱን በጣም ጠላ። እንዲያም ሆኖ ምንም ሳይወስን ተኛ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወትሮ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ የሚመጣው አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ከነሱም ሦስቱ ለብስኩቱ። ዛሬ ወንበር አጥቶ የቆመው ብቻ ሃያ ይሆናል። መጽሐፎቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ሥዕሉ መድረኩ ላይ ተደግፏል። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሚስስ ትሪቬት ተነሡ።

«አሁን ሚስተር ቤዶስ አጭር ንግግር ያደርጉልናል። አጭር ያልኩት አስቤበት ነው።»

ክሊፎርድ ወጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም እንደሚል ነበር የሚመስለው። ጭብጨባው ሲነሣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሙሪየልን አያት። ሁለት እጇ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው። ከጎኗ ባሪ ጊቲንስ ከልቡ ያጨበጭባል።

«መጽሐፌን አትግዙ» አለ ክሊፎርድ።

ሳቅ ሆነ። ትሕትና መሰላቸው።

«የገዛችሁ ካላችሁ መልሱ። ተሳስቻለሁ። ፐርዱ ይህንን ሥዕል መዳቡ ላይ እንዳየው ነው የሣለው፤ ስለዚህ ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲኖር አላየሁትም። ባለቤቴ ዳቦ እየበላች በአንድ ጧት አየችው። መንገዱ ከቦታው አልተነሣም። ወንዙም። ኮረብታውም ያው... ኮረብታው ያለበት ነው።» ወደ ባሪ ተመለከተ። «መስቀሉም የነበረው በሚስተር ጊቲንስ በር ላይ አልነበረም።»

ሚስስ ትሪቬት መነጽራቸውን አወለቁ።

«በቀኝ በኩል ነበር ማለትዎ ነው?»

«አዎ።»

«በቀኝ በኩል ያለው የእርስዎ ቤት እኮ ነው።»

«አዎ፣ ሚስስ ትሪቬት። ስኖርበት ቆይቻለሁ።»

ያኔ ባሪ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ክሊፎርድ ስድቡን ሊቀበል ራሱን አዘጋጀ።

«አንዴ ይፈቀድልኝ!» አለ ባሪ። «ይሄ ሰውዬ ይህን ያደረገው ዛሬ ብቻ አይደለም! አሥር ዓመቴ ሳለ ታምሞ የነበረው የግራ መንጋጋዬ ነው። የነቀለልኝ የቀኙን ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ይደበድባሉ። ክሊፎርድ ፊቱ ቀላ።

«እናትህ ናቸው ያሳዩኝ!» ብሎ ጮኸ። «ፊት ለፊቴ ቆመው፣ በራሳቸው መንጋጋ!»

ሳቁ ባሰ። ክሊፎርድም፣ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀ።

ድንጋይ ጠራቢው ግን ዛሬ አልሳቀም። «እኔ ሰኞ ጉድጓድ ከመቆፈሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ማክሰኞም እንዲሁ እርግጠኛ ነበሩ። አሁን ልክ መሆንዎን በምን እናውቃለን?»

ክሊፎርድ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ጠርዙ አንድ ሰዓት ሊያወራ ይችል ነበር። ይህን ግን እንዴት እንደሚያሳይ አላወቀም።

ሙሪየል እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ተነሥታም በጎን በር ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን ትልቅ መስታወት ታቅፋለች። መድረኩ ላይ አቆመችው። «ሥዕሉን አዙረህ ያዝለት» አለችው። ክሊፎርድ ሥዕሉን ደረቱ ላይ ደግፎ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ክፈፉ ዐይኑን ስለጋረደው እሱ ከቆመበት ምንም አይታየውም፤ የክፈፉን ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው።

ቀድመው የመጡት የዘጠና ዓመቷ ሚስ ፓርፊት ናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው መስታወቱ ውስጥ አዩ። ረዥም ጊዜ አዩ።

«ኮረብታችን ነው» አሉ። «መንገዱም እውነተኛው መንገድ ነው። ውይ! ያ ከጥጉ ያለው የአያቴ ቤት አይደለም? ጭስ ማውጫው ጠማማ ነው። አሁንም እኮ ጠማማ ነው።»

ክሊፎርድ ያንን ጭስ ማውጫ ያውቀዋል፤ አሲዱ መስመሩን እንዴት አድርጎ እንደበላው በገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አድንቆ ጽፏል። የማን ቤት ነው ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሚስ ፓርፊት ከመድረኩ ሲወርዱ ዐይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂ አልተገኘም። ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ ተሰለፉ፤ እንግሊዞች ናቸውና። ሰልፉ በወንበሮቹ መሀል ወርዶ፣ በመጽሐፎቹ አጠገብ አልፎ፣ በር ላይ ደረሰ። ከመስታወቱ ፊት የደረሰ ሁሉ «እዚህ ጋ የውሃ ጉድጓዱ አለ!» «ይሄ የፖስታ ቤቱ ቁልቁለት ነው!» እያለ ይጮኻል። ሕፃናት ሁለቴ ተሰልፈው ተመልሰው ይመጣሉ።

ድንጋይ ጠራቢው አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። እንግዲህ ሰኞ በርዎ ላይ ልቆፍር?»

«ቆፍር።»

«መስኮትዎን ይጋርዳል።»

«ይጋርደው» አለ ክሊፎርድ። ይህን ሲል ከፋው፤ ግን ቃሉን ማጠፍ አልፈለገም።

የባሪ ተራ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የራሱን በር ፈለገ።

«ይሄ የኔ ሱቅ ያለበት ላይ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያዛጋው ማነው?»

«የሚያዛጋ ሰው አለ?» አለ ክሊፎርድ ከክፈፉ ጀርባ።

«እንዴ! አፉን እስከዚህ ከፍቶ! አጠገቡም ውሻ ቆሞ ያየዋል።» ባሪ ቀና ብሎ ክሊፎርድን ትክ ብሎ አየው። መቀለድ ፈልጎ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። ጠጋ ብሎ ክፈፉን በሁለት እጁ ጨበጠ። «በሉ ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«ከባድ ነው።»

«የድንች ከረጢት ስሸከም ነው የኖርኩት። ይሂዱ።»

ክሊፎርድ እጁን ለቀቀ። ወደ መስታወቱ ዞር ሊል ሲል ከሰልፉ ፊት ያለችው ሴት በትሕትና አሳለች፤ እሱም ይቅርታ ብሎ ከመድረኩ ወረደ። በወንበሮቹ መሀል፣ በመጽሐፎቹ አጠገብ አልፎ ከሰልፉ መጨረሻ፣ በር ላይ ቆመ። ከፊቱ ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት ነበረች። ዞር ብላ ስታየው ግራ ገባት።

«ሚስተር ቤዶስ፣ እርስዎም አላዩትም?»

«አላየሁትም» አለ ክሊፎርድ።